ሙያን ይዞ መሻገር፦ የጀርመን የሙያ አማካሪ ምን ይሠራልናል?

«አገር ቤት ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር?» አለ አማካሪው። እኔ አስተርጓሚው ጥያቄውን በአማርኛ አቀበልኳት። ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ «ምንም፤ ሥራ አልነበረኝም» አለች።

አማካሪው «የሥራ ልምድ» የሚለውን ሳጥን ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ቤቱ በምን ይተዳደር ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክብ እንደነበር የወጣው ያን ጊዜ ነው። በቀን ስንት? ሦስት መቶ ገደማ። ለስንት ዓመት? አሥራ አንድ። ጤፉን ማን ይገዛል? እሷ፤ ዋጋው ሳይወደድ በኩንታል እያስገባች። ብቻዎን ነበሩ? የለም፣ ሁለት ልጆች ቀጥራ ታሠራ ነበር። ምግብ ቤቶቹ በዱቤ ሲወስዱስ? በደብተር ትይዛለች፣ ወሩ ሲያልቅ ዞራ ትሰበስባለች። ሊጡ ሲበላሽ ምን ያደርጋሉ? እዚህ ላይ ድምጿ ተለወጠ። ክረምትና በጋ እርሾው እንዴት እንደሚለያይ፣ አብሲት መቼ እንደሚጣል፣ ሊጡ ሲቀጥን የእንጀራው ዐይን እንዴት እንደሚጠፋ ስታስረዳ እኔ በትርጉም አልደረስኩባትም።

ቅጹ ላይ ሲሰፍር እንዲህ ሆነ፦ የምግብ ምርት፣ የጥሬ ዕቃ ግዢ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ ሁለት ሠራተኞችን ማስተዳደር፣ የደንበኞች ሒሳብ አያያዝ፤ 11 ዓመት። አንድም የተጋነነ ነገር የለበትም።

ሴትየዋ «ሥራ አልነበረኝም» ስትል አልዋሸችም። በእኛ አነጋገር ሥራ አለው የሚባለው ፔሮል ላይ የሚፈርም ሰው ነው። ጉልት ተቀምጣ፣ ጠላ ጠምቃ ወይም እንጀራ ሸጣ አምስት ልጅ ያሳደገች እናት መታወቂያዋ ላይ «የቤት እመቤት» ተብላ ትጻፋለች። ጀርመን ያለው አማካሪ ደግሞ የሚጽፈው የተነገረውን ብቻ ነው። እንደ እኔ እምነት የሙያ ምክር ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይዞት የመጣውን ዕውቀት አዲሱ አገር በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ። ሥራ መፈለጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አካውንታንቱም ኤሌክትሪሻኑም መጀመሪያ በተገኘው መጋዘን ወይም ጽዳት ገብቶ እዚያው አሥር ዓመት ይቀራል። ጽዳት ክቡር ሥራ ነው። የሚያሳዝነኝ ሰው ሳይመርጠው፣ ሌላ በር እንዳለ ሳያውቅ ሲቀርበት ነው።

ይህ ማብራሪያ ጀርመን ውስጥ ለሚኖሩና ለመምጣት ለሚያስቡ ወገኖች ነው። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማን ጋ ነው የሚኬደው?

ሥራን የሚመለከተውን የመንግሥት አገልግሎት የሚመራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኑርንበርግ የሚገኘው የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ሰው «አጄንቱር ፉር አርባይት» ይለዋል፣ የቆዩት ደግሞ በድሮ ስሙ «አርባይትስአምት»። ጆብሴንተር ሌላ ነው፤ እሱ የመተዳደሪያ ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎችን ጉዳይ ይይዛል። በተለምዶ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ለሥራ ጉዳይ የሚሄደው ወደ ኤጀንሲው ነው፤ ፈቃድ አግኝቶ ድጎማ ሲጀምር ወደ ጆብሴንተር ይዛወራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ወራት ያልፉበታል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይባል። ሥራ ማገናኘትና ሙያ ማማከር ለየቅል ናቸው። ሥራ አገናኙ ዛሬ ክፍት የሆነውን ቦታ ይዞ ለቦታው ሰው ይፈልጋል። የሙያ አማካሪው ሰውየውን ይዞ የሦስትና የአምስት ዓመት መንገድ ያስባል። አንድ ሠራተኛ ሁለቱንም የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ የተቀመጣችሁት የትኛው ጉዳይ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። «ዛሬ የመጣሁት ለሙያ ምክር ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ውይይቱን ከመጀመሪያው ያቃናዋል። የኤጀንሲው የሙያ ምክር በነጻ ነው። ለወጣቶች ብቻም አይደለም፤ በሥራ ላይ ላሉና ሙያ መቀየር ለሚፈልጉ አዋቂዎች የተዘጋጀ ክፍል አለው። በትልልቅ ቅርንጫፎች ደግሞ «ቢትስ» የሚባል የሙያ መረጃ ማዕከል ይገኛል፤ ያለ ቀጠሮ ገብቶ እያንዳንዱ ሙያ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሥልጠናው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚከፈልበት በኮምፒውተር ማየት ይቻላል።

ከመንግሥት ቢሮ ውጭ ሌላም አለ። ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ ቀይ መስቀልና መሰሎቻቸው ለአዋቂ ስደተኞች ነጻ የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። ከ12 እስከ 27 ዓመት ላሉት የተለየ የወጣት ስደተኞች አገልግሎት አለ። የውጭ ዲፕሎማን ለማስመዘን የሚያግዘው ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው «ኢ-ኩ» የተባለው አገር አቀፍ መረብ ነው። ከእነዚህ ጋር የሚደረገው ንግግር ድጎማችሁን አይነካም፤ ሰው ልቡን ከፍቶ የሚያወራው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ቋንቋው ገና ከሆነ አስተርጓሚ እንዲኖር ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጆችን ለአስተርጓሚነት ይዞ መሄድ ግን እባካችሁ ይቅር። የ10 ዓመት ልጅ «የሒሳብ መዝገብ ሹም» የሚለውን መተርጎም አይችልም፤ ከዚያም በላይ እናቱ ስትጨነቅ መሃል ላይ መቀመጥ የለበትም።

ወረቀቱ የሚያነበው ካገኘ

ጀርመን ሙያዎችን በሁለት ትከፍላለች። ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይሠራባቸው አሉ፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። ለእነዚህ ዕውቅና ግዴታ ነው። ሌሎቹ፣ ማለትም ምግብ ማብሰል፣ ኮምፒውተር፣ ሒሳብ ሥራ፣ ሽያጭና አብዛኛው የእጅ ሙያ፣ የሥራ ፈቃድ ላለው ሰው ያለ ዕውቅናም ይቻላሉ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሲኖር የሚከፈለውና የሚከበረው ይለያል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሚሠራው የዕውቅና ሕግ፣ ዜግነቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ሙያው ከጀርመኑ ጋር እንዲመዘንለት ማመልከት ይችላል። ይህን መብት የማያውቀው ወገን ብዛት እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ማመልከቻው የሚሄድበት መሥሪያ ቤት እንደ ሙያው ይለያያል። የፋብሪካና የንግድ ሙያ ኑርንበርግ ወደሚገኘው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች የጋራ ማዕከል፣ የእጅ ሙያ ወደየአካባቢው የእጅ ሙያተኞች ምክር ቤት፣ ነርስና ሐኪም ወደ ክፍለ ሀገሩ የጤና ባለሥልጣን ይሄዳል። ፈቃድ በማይጠይቅ መስክ ዲግሪ ያለው፣ ለምሳሌ ኢኮኖሚስት ወይም ባዮሎጂስት፣ ቦን ከሚገኘው የውጭ ትምህርት ማዕከል የዲግሪ ምዘና ወረቀት ያወጣል፤ ክፍያው ከ200 ዩሮ ጥቂት ከፍ ይላል። ዩኒቨርሲቲያችሁ በጀርመን ይታወቅ እንደሆነ «አናቢን» በተባለው የመረጃ ቋት በነጻ ይታያል። ከስሙ አጠገብ «ሃ ፕላስ» የሚል ምልክት ካለ ተቋሙ ዕውቅና አለው ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ምልክት ከተመዘገቡት አንዱ ነው። አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ በተሳሳተ በር የገባ ማመልከቻ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ክፍያውን ደግሞ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጆብሴንተሩ ወይም ኤጀንሲው ይሸፍንልኝ እንደሆነ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከከፈሉ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው።

የእኛ ወረቀት የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለሙያው የአንዲት ነርስ ዲፕሎማ አንስቶ ፓስፖርቷን ተመለከተ፣ ተመልሶ ዲፕሎማውን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። ፓስፖርቱ የልደት ዘመኗን 1993 ይላል። የምረቃው ቀን ሐምሌ 2007 ነው። በእሱ ሒሳብ ልጅቱ በ14 ዓመቷ ነርስ ሆናለች፤ ማለትም ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው። 2007 ዓ.ም. በእነሱ 2015 መሆኑን፣ ስትመረቅም 22 ዓመቷ እንደነበር ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀ። እኛ ባንኖር ኖሮ ፋይሉ «አጠራጣሪ» ተብሎ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የትርጉም ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲጻፉ ተርጓሚውን አስቀድማችሁ አሳስቡት።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ጀርመን ግን ያለ ቤተሰብ ስም አትንቀሳቀስም። «ፀሐይ»ን ፓስፖርት ክፍሉ በአንድ ዓይነት የላቲን ሆሄያት፣ ዩኒቨርሲቲው በሌላ፣ ቀበሌው በሦስተኛ ይጽፈዋል፤ ለእኛ አንድ ሰው የሆነችው ለኮምፒውተሩ ሦስት ትሆናለች። የስሙ አጻጻፍ ቢለያይም ሰውየው አንድ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ካስፈለገ አገር ቤት ሳሉ ማውጣቱ በብዙ ይቀላል። ትርጉሙን በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይሥራው። የእኛ ዲግሪዎች ብዙዎቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚታተሙ አንዳንድ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛውን እንዳለ ይቀበላል፤ ለትርጉም ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል፤ ሙሉ ዕውቅና፣ ከፊል ዕውቅና ወይም ውድቅ። ከፊሉ የተለመደው ነው። ብዙ ሰው ደብዳቤውን «ወደቅሁ» ብሎ ያነበዋል፣ አጥፎም መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እንዲያ አይደለም። ደብዳቤው የጎደለውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ በቀጥታ ወደ አማካሪው ይዞ ሄዶ «ይህን ጉድለት የት ነው የምሞላው?» ማለት ነው። ባትስማሙ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት የጊዜ ገደብ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር፣ ከታች ተጽፏል።

ጎንደር የተመረቀችን ነርስ እንውሰድ። የጀርመን ቋንቋ ቢ2 የተባለው ደረጃ ይጠበቅባታል። ከፊል ዕውቅናዋን ስታገኝ ሁለት ምርጫ ይቀርብላታል፦ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበት የማሟያ ሥልጠና ወይም የዕውቀት ፈተና። የትኛው ይሻላል? አማካሪው የትምህርት ብቃቷን ብቻ ሳይሆን የጀርመን ነርስ የምትሠራውን ሊነግራት ይገባል። አገር ቤት በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚመግበው፣ ገላውን የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው፤ ነርሷ መርፌና መድኃኒቱ፣ ቁስሉና ቻርቱ ላይ ናት። ጀርመን ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ የለም። ማጠቡም ማብላቱም የነርሷ ሥራ ነው፣ እንደ ሙያም በፈተና ይጠየቃል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማች ነርስ በመጀመሪያው ሳምንት «ዝቅ አደረጉኝ» ብላ ታለቅሳለች። የሰማችው ግን ወደ ማሟያ ሥልጠናው ስትገባ ምን እንደምትማር አውቃ ትገባለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ግማሽ ሰዓት ንግግር ነው።

ወረቀት የሌለውስ? በጦርነት የተቃጠለበት፣ በባሕር መንገድ የጠፋበት፣ ከነጭራሹም ከአጎቱ ጋራዥ ውስጥ ተምሮ ሰርተፍኬት የሚባል ያላየ አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሕጉ የክህሎት ምርመራ ይፈቅዳል፤ ሰውየው ባለሙያ ፊት ቆሞ ሥራውን ይሠራል፣ ለምሳሌ የማብሪያ ሰሌዳ ይገጥማል፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ያስረዳል። አገር ቤት ሲኦሲ የተፈተነ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በልምድ ብቻ ለሠሩት ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ዕድሜው ቢያንስ 25 የሆነና ሙያው የሚጠይቀውን የሥልጠና ጊዜ አንድ ከግማሽ እጥፍ ያህል የሠራ ሰው ችሎታው በምክር ቤቶቹ ተመዝኖ የሚረጋገጥበት ሥርዓት ነው። የሦስት ዓመት ሥልጠና ላለው ሙያ አራት ዓመት ተኩል ልምድ ማለት ነው። እንግዲህ የአጎት ጋራዥ ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ከየት እስከ የት፣ ምን ምን እንደተሠራ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ዛሬ ደመወዝ ወይስ ሦስት ዓመት ሥልጠና?

አማካሪውም ተመካሪውም የሚጨነቁበት ጥያቄ ይህ ነው። ጀርመን ሙያ የሚሰጠው በአብዛኛው በ«አውስቢልዱንግ» ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ የሳምንቱ አብዛኛው ቀን ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ሙያ ትምህርት ቤት እየተማሩ ነው። ለሠልጣኙ ይከፈለዋል፤ ግን ትንሽ ነው። በ2025 በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው የአንደኛ ዓመት ክፍያ በወር 682 ዩሮ ነበር። በዚያው ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12.82 ዩሮ ስለነበረ፣ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው ታክስ ሳይቀነስ ወደ 2,200 ዩሮ ያገኝ ነበር። አገር ቤት እናት የምትጠብቅ፣ ለመንገዱ የተበደሩት ዕዳ ያለ ሰው ፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስቀምጡና «ሥልጠናውን ምረጥ» በሉት። ቀላል አይደለም። ይህን ጭንቀት «አርቆ አለማሰብ» ብሎ የሚያልፍ አማካሪ ሰውየውን አላየውም።

ነገር ግን ሒሳቡ በአንደኛው ዓመት አያልቅም። ሁሉም ሥልጠና 682 አይከፍልም፤ በመንግሥት ደመወዝ ስኬል የሚከፍሉ ሆስፒታሎች ለነርሲንግ ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከ1,300 ዩሮ በላይ ይከፍላሉ፤ ስትመረቅ መነሻ ደመወዟ ታክስ ሳይቀነስ ከ3,000 ዩሮ ይበልጣል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ነው፣ ድርጅቱ ሰው ሲቀንስም መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። አማካሪው እነዚህን ዓመታት ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲጽፋቸው ካያችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጋጥሟችኋል።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት በሁለቱ መካከል መንገዶች መኖራቸው ነው። ከ25 ዓመት በላይ ለሆነው ሙሉውን አውስቢልዱንግ በክፍልፋይ የሚሰጥ ሥልጠና አለ፤ እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ወራት ይፈጃል፣ በየክፍሉ ማስረጃ ይሰጣል፣ ተሰብስበውም ለመጨረሻው ፈተና ያበቃሉ። ሙያውን ሲሠራ የኖረ ሰው ደግሞ ያለ ሥልጠና በቀጥታ ለመጨረሻው ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ እዚህም የሚጠየቀው አንድ ከግማሽ እጥፍ ልምድ ነው። ሥራ አጥ የሆነ አዋቂ «ኡምሹሉንግ» የሚባለውን የሙያ ቅየራ ሥልጠና ሊገባ ይችላል፤ የሦስት ዓመቱ በተለምዶ ወደ ሁለት ያጥራል፣ ወጪውን ኤጀንሲው «ቢልዱንግስጉትሻይን» በተባለው የሥልጠና ኩፖን ይሸፍናል። ኩፖኑ እንደ መብት የሚታደል አይደለም፤ አማካሪውን ማሳመን ይጠይቃል። ለዚህ ነው ዝግጅት የሚያስፈልገው። የምትፈልጉትን ሙያ፣ በአካባቢያችሁ ያሉትን ክፍት ቦታዎችና የሥልጠና ተቋሙን ስም ይዛችሁ ስትሄዱ ውይይቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የውህደት ኮርስ የሚባለው በመሠረቱ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ ሕግና ኑሮ ሲሆን ግቡ ቢ1 ነው። ቢ1 ለሱቅና ለሐኪም ቀጠሮ ይበቃል፤ ለሙያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን አይበቃም። ቀጥሎ በሙያ ላይ ያተኮረ የቋንቋ ኮርስ መኖሩን ጠይቁ። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ስለ ሥራ ስለሆነ በቀላሉ ይያዛል።

ሴቶቹ ጋ ሲደርስ

ጀርመን ያለው የሥራ ገበያ ጥናት ተቋም በ2015 በጥገኝነት የመጡትን ሲከታተል ቆይቷል። እስከ 2024 ድረስ ከወንዶቹ ከአራት ሦስት ያህሉ ሥራ ይዘዋል። ከሴቶቹ ግን ከሦስት አንዷ ገደማ ብቻ ናት። እኔ በተቀመጥኩባቸው ቢሮዎች ይህ ልዩነት ሲፈጠር በዐይኔ አይቻለሁ። ባልና ሚስት አብረው ይገባሉ፤ አማካሪው ባልየውን ይጠይቃል፣ ባልየው ለሁለቱም ይመልሳል፣ የሚስትየው ፋይል ላይ «ልጆች ትጠብቃለች» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ዓመት ሌላ ቃል አይጨመርበትም። ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ዓመት ከሞላው ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው፤ ከኦገስት 2013 ጀምሮ። ቦታው እንደ ልብ ስለማይገኝ ተራ የሚያዘው ቀደም ተብሎ ነው፤ አንዳንዶቹ እናቶች ገና ነፍሰ ጡር ሳሉ ያስመዘግባሉ። በግማሽ ቀን የሚወሰድ አውስቢልዱንግም አለ፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ሙያው ያው ነው። እኅቶቼ፣ ቀጠሮውን በየራሳችሁ ስም ያዙ፤ ብቻችሁንም ግቡ።

ሌላው የሚጎዳን ነገር የምንወደው ጠባያችን ነው። «እኔ ይህን ሠራሁ» ማለት ለጆሯችን ይከብዳል፤ ጉራ ይመስላል። ስለዚህ «ሠርተናል» እንላለን፣ «እንሞክራለን» እንላለን። የ40 ሰው ግንባታ የመራ ፎርማን «ከልጆቹ ጋር ሆነን እንሠራ ነበር» ሲል ጀርመናዊው የሚሰማው «የቀን ሠራተኛ ነበርኩ» የሚለውን ነው። እንዋሽ አልልም፤ በእነሱ ቢሮ «እኔ» ማለት ግን የተጠየቁትን መመለስ ነው። ከአማካሪው ጋር አስቀድሞ ቢለማመዱት ቃለ መጠይቁ ላይ አፍ አይያዝም።

የጀርመን የሥራ ምስክር ወረቀት ደግሞ የራሱ ምስጢራዊ ቋንቋ አለው። አሠሪው በሕግ መልካም መጻፍ ስላለበት ነቀፋው በቃላቱ ውስጥ ይደበቃል። «በእርካታ ሠርቷል» የሚለው ለእኛ ምስጋና ነው፤ ለቀጣሪው ግን ደካማ ማለት ነው። ጥሩው የሚታወቀው «ሁልጊዜ» እና «በሙሉ» የሚሉት ቃላት ሲጨመሩ ነው። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለአማካሪ አሳዩት፤ እንዲስተካከል መጠየቅ ይቻላል።

ገና አገር ቤት ላሉት አንድ ነገር ላክል። ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ቦን ውስጥ ከጀርመን ውጭ ላሉ አመልካቾች በስልክና በጽሑፍ ስለ ሙያ ዕውቅና በነጻ የሚያማክር የመንግሥት ማዕከል አለ። ሰው ይህንኑ ምክር ከደላላ በሺዎች ብር ሲገዛ ማየት ያሳምመኛል። «ዕውቅናውን እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ማንም ቢመጣ፣ ውሳኔው የጀርመን መሥሪያ ቤት እንጂ የእሱ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ስትሄዱ ዲፕሎማና የሥራ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን አንድ ማታ ተቀምጣችሁ በአማርኛ የጻፋችሁትን የሕይወት ዘመን ሥራ ያዙ። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በምን መሣሪያ፣ ከስንት ሰው ጋር። የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም ይግባ። ከዚያ ስትወጡ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። ጆብሴንተር ከደንበኛው ጋር የሚያዘጋጀው የጽሑፍ ዕቅድ አለ፤ ከጁላይ 2023 ጀምሮ የትብብር ዕቅድ ይባላል። እዚያ ላይ የተጻፈው የሙያ ግብ ምንድን ነው? «ረዳት ሠራተኛ» ከሆነ የሚላክላችሁ የሥራ ጥሪ ሁሉ የረዳት ይሆናል። ያ ቃል እንዲቀየር ጠይቁ።

የእንጀራ ጋጋሪዋ ዕቅድ «የምግብ ማምረቻ ባለሙያ፤ በክፍልፋይ ሥልጠና፤ ቋንቋ እስከ ቢ1፤ ትንሹ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ይጀመራል» ይላል። አንብቤላት ስጨርስ ከመጀመሪያው እንድደግምላት ጠየቀችኝ።